በራሪ ዒላማ ተኩስ፦ የእንግሊዞች የወንደላጤ ስንብት ጨዋታ

እንግሊዝ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ፣ እንግሊዛዊ ጓደኛው «ሚዜ ሁነኝ» ሲለው ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ የሚመጣ ሌላ ሥራም አብሮ ይረከባል። «ስታግ ዱ» የሚባለውን ቀን በአገሩ ልማድ የሚያዘጋጀው ዋናው ሚዜ ነው። ስታግ በእንግሊዝኛ ወንድ አጋዘን ማለት ነው፤ ሙሽራዋ ከሴት ጓደኞቿ ጋር የምታሳልፈው ቀን ደግሞ በሴት ዶሮ ስም ሄን ዱ ይባላል። ሙሽራው ከሠርጉ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል፣ ይጫወታል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ወጪውን እንግዶቹ ይከፋፈሉታል፤ ብዙ ጊዜ የሙሽራውን ድርሻም እነሱ ይሸፍኑለታል። በአማርኛ «የወንደላጤ ስንብት» ብንለው ትርጉሙን ማንም ሳይጠይቅ ይረዳዋል። አጋዘኑን ወደ አማርኛ ማምጣት አያስፈልግም።

በዚህ ስንብት ፕሮግራም ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ጨዋታ አለ። እንግሊዞቹ «ክሌይ ፒጅን ሹቲንግ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ሲፈታ የሸክላ ርግብ ተኩስ ነው። ከአጋዘኑ ስም ጋር ተደምሮ ሲሰማ አደን የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በቀኑ የሚገደል እንስሳ የለም። የሚተኮስበት ከማሽን ወደ አየር የሚወነጨፍ ክብ ዝርግ ሳህን ነው፤ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም ያህል ይሆናል። የሚሠራውም ከሸክላ ሳይሆን ከዝፍትና ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቶሎ እንዲፈረካከስ ታስቦ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «በራሪ ዒላማ» የሚለውን እንጠቀማለን፤ ጨዋታውን ደግሞ «በራሪ ዒላማ ተኩስ» እንለዋለን።

ርግብ የሚለው ስም ከታሪኩ የቀረ ነው። ጨዋታው ሲጀመር የሚተኮስባቸው ከሳጥን የሚለቀቁ እውነተኛ ርግቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ ሳይቀር በሕይወት ያሉ ርግቦች ላይ ውድድር ተካሂዷል፤ የቤልጅየሙ ሌዎን ደ ሉንደን 21 ርግብ ጥሎ አሸንፏል። ከዚያ በፊት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ርግቡን ለመተካት የብርጭቆ ኳሶች ተሞክረው ነበር፤ ስብርባሪያቸው ሜዳውን የሚያበላሽ ሆነ። በ1880 ጆርጅ ሊጎውስኪ የሚባል የአሜሪካ የሲንሲናቲ ሰው በሸክላ የተሠራ ዝርግ ዒላማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ልጆች በውኃ ላይ ጠፍጣፋ ቅርፊት እያንሸራተቱ ሲወረውሩ አይቶ ሐሳቡ እንደመጣለት ይነገራል። የመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች በእሳት የተጠበሰ ሸክላ ስለነበሩ እየተመቱ እንኳ የማይሰበሩ ነበሩ፤ ዝፍቱና ኖራው የመጣው ይህን ችግር ለመፍታት ነው። ብሪታንያ ከሳጥን በሚለቀቁ ወፎች ላይ መተኮስን በ1921 በሕግ ከለከለች። ወፉ ከሜዳው ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ።

መሣሪያው ሾትገን ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ ሁለት አፈሙዝ ያለው፣ ከመካከሉ የሚታጠፍና ሁለት ጥይት ብቻ የሚጎርስ ነው። ከአንዱ ጥይት የሚወጣው አንድ አረር አይደለም፤ ከ300 የሚበልጡ ደቃቅ የእርሳስ ጠጠሮች ናቸው፤ አየር ላይ እየተበተኑ ይሄዳሉ። ይህ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው። ሆኖም ዒላማው ስለሚበር ጠጠሮቹ እስኪደርሱ ድረስ ቦታውን ይለቃል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ 30 ሜትር ርቀት ላይ በጎን የሚያልፍ ዒላማ፣ ጠጠሮቹ በመንገድ ላይ ባሉበት የዐይን ጥቅሻ ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። ተኳሹ ከፊቱ ቀድሞ ባዶ አየር ላይ መተኮስ አለበት፤ አፈሙዙንም ተኩሶ ካበቃ በኋላ ማቆም የለበትም።

ከዚህ የተነሣ በወታደር ቤት ያለፈ ወይም በገጠር ከጠመንጃ ጋር ያደገ እንግዳ መጀመሪያ ላይ መሳት ያዘወትራል። በክላሽ የሠለጠነ ሰው የሚያውቀው መተኛትን ወይም መንበርከክን፣ ትንፋሽ መያዝን፣ አንድ ዐይን ጨፍኖ በጉብታው በኩል ማነጣጠርንና ቃታውን በቀስታ መሳብን ነው። እዚህ ሁለቱም ዐይን ክፍት ሆኖ ትኩረቱ በዒላማው ላይ ይሆናል፤ መሣሪያውን የሚመራው የሰውነት መዞር ነው። አፈሙዙን ማየት የጀመረ ሰው መሣሪያውን ያቆማል፣ ያቆመ ደግሞ ከኋላ ይተኩሳል። በመሆኑም የጠመንጃ ልምድ ያለውና ጠመንጃ ነክቶ የማያውቀው በአንድ መስመር ላይ ይጀምራሉ፤ ለተቀላቀለ የጓደኞች ቡድን ይህን ጨዋታ ተመራጭ የሚያደርገው ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ ሚዜው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሕጉን ነው። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ሾትገን ለመያዝ የፖሊስ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀጽ 11 ውስጥ ግን ለጀማሪዎች በር አለ፦ የፖሊስ አዛዡ ለሰው ሠራሽ ዒላማ ተኩስ በፈቀደው ቦታና ጊዜ፣ የምስክር ወረቀት የሌለው ሰው መተኮስ ይችላል። የወንደላጤ ስንብት ቡድኖችን የሚቀበሉ ሜዳዎች በአብዛኛው በዚህ ፈቃድ ይሠራሉ። ቦታ ከመያዙ በፊት «ለጀማሪዎች የፖሊስ ፈቃድ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ያለው ሜዳ ወዲያው ይመልሳል። የእንግሊዝ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው ክሌይ ፒጅን ሹቲንግ አሶሲዬሽንም ሜዳዎችን ይመዘግባል፣ አሠልጣኞችንም ያሠለጥናል፤ እዚያ የተመዘገበ ሜዳ መምረጥ ይመከራል።

የዚያው ሕግ አንቀጽ 21 ግን በሩን ለአንዳንዶች ይዘጋል። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ሰው ዕድሜ ልኩን መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ አይችልም። ከሦስት ወር ጀምሮ ከሦስት ዓመት በታች የተፈረደበት ደግሞ ለአምስት ዓመት ይከለከላል። ክልከላው ለአንዲት ቅጽበት በአሠልጣኝ ፊት መያዝንም ይጨምራል፤ የአየር ጠመንጃም ቢሆን ያው ነው። ሜዳው ይህን የሚጠይቅ ቅጽ ለእያንዳንዱ እንግዳ ያስፈርማል። ሚዜው ዝም ብሎ ሁሉንም ሰብስቦ ከወሰደ፣ አንድ ሰው ያለፈ ታሪኩን በጓደኞቹ መካከል፣ እስክሪብቶ በእጁ እንደያዘ ለመናዘዝ ወይም ለመዋሸት ይገደዳል። ይህን ጭካኔ ማስቀረት ቀላል ነው፦ ገንዘብ ከመከፈሉ ሳምንታት በፊት የሜዳውን ቅጽ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መላክና «መተኮስ የማይፈልግ ወይም የማይችል ምክንያቱን ሳይነግረኝ ይንገረኝ» ማለት በቂ ነው።

ለእኛ ሰዎች ይህ አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው። ከኢትዮጵያም ሆነ ከኤርትራ ወደ ብሪታንያ ከመጡት መካከል ጦርነት ያዩ ብዙዎች ናቸው። ለአንዱ ደስታ የሆነ የባሩድ ሽታና የተኩስ ድምፅ ሌላውን ሊረሳው ወደሚፈልገው ቦታ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሙሽራውን ላለማስቀየም ብሎ ጥርሱን ነክሶ ይመጣል። ሚዜው ቀድሞ መውጫ ካዘጋጀለት፣ ለምሳሌ ተኩሱን ትቶ በእራቱ ላይ ብቻ እንዲገኝ ካደረገ፣ ወዳጅነቱን ያከብርለታል። በቡድኑ ውስጥ መተኮስ የማይችሉ ከበዙ ደግሞ በማይታይ ጨረር የሚሠራ የሌዘር በራሪ ዒላማ አለ። ጥይት የለውም፣ አይገፋም፣ ድምፁንም የሚያሰማው ማጉያ ነው። እኔ እንደዚህ ባለው ጊዜ ሳላመነታ እሱን እመርጣለሁ።

የመጠጡ ጉዳይ ድርድር የለውም። በእንግሊዝና በዌልስ ሰክሮ የጎረሰ መሣሪያ መያዝ ከ1872 ጀምሮ ወንጀል ነው። ሜዳዎቹም አልኮል የሸተተውን ሰው ከመስመር ያስወጣሉ፤ የከፈለውም ላይመለስለት ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከቀኑ ሳይሆን ከዋዜማው ነው። ቡድኑ ዓርብ ማታ ተሰብስቦ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲጠጣ ካደረ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቆመው ሰው ገና አልጠራም። ስለዚህ ተኩሱ ቅዳሜ ጠዋት ከሆነ የዓርቡ ምሽት እራት ብቻ ይሁን፣ ትልቁ ድግስ ወደ ቅዳሜ ማታ ይዛወር። ብዙዎቹ ሜዳዎች ገጠር ውስጥ ስለሆኑ ቫን መከራየትም ያስፈልጋል።

ምግብም ይታሰብበት። የእንግሊዝ ተኩስ ሜዳ ልማዳዊ ቁርስ በዳቦ መሐል የተደረገ የአሳማ ሥጋ ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም እንግዳ ከዚህ አይቀምስም፤ ጾም ላይ ከዋለ ደግሞ እንቁላልም አይረዳም። ቀድሞ ለሜዳው መንገር ወይም ይዞ መሄድ ነው።

በዕለቱ እንግዶቹ ጠፍጣፋና ጠንካራ ጫማ፣ አንገቱ የተዘጋ ልብስና ኮፍያ አድርገው ይምጡ፤ የሚበተን ስብርባሪና የሚዘል ቀለህ አለ። የጆሮና የዐይን መከላከያ ሜዳው ይሰጣል። መጀመሪያ የጥንቃቄ ገለጻ ይደረጋል። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ደንብ መሣሪያው ከተኩስ መስመር ውጭ ሁልጊዜ ታጥፎ የተከፈተና ባዶ መሆኑ ነው፤ ባዶነቱን ማንም ከሩቅ ያያል። አሠልጣኙ ካልሰጠ በቀር ጥይት የሚጎርስ የለም፣ አፈሙዝም ወደ ሰው አይዞርም። በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኮስበት አገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥብቅነት ሊከብድ ይችላል። ደስታን በጥይት የገለጸ ሠርግ ወደ ለቅሶ ሲቀየር ሰምተናልና፣ እኔ ጥብቅነቱን እወድደዋለሁ።

ቀጥሎ ዐይን ይፈተሻል። በሁለት እጅ ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ በዚያ በኩል ሩቅ ያለ ነገር ማየት፣ ከዚያ አንድ በአንድ ዐይንን መጨፈን ነው፤ ነገሩን ሳይለቅ የሚያየው መሪው ዐይን ነው። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሆኖ መሪ ዐይኑ ግራ የሆነ ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል እየሳተ ይቀጥላል፤ አሠልጣኙ ያንን ዐይን እንዲጨፍን ወይም በመነጽሩ ላይ ትንሽ ልጣፊ እንዲያደርግ ይነግረዋል። ሁለቱም ዐይን ክፍት ይሁን የተባለው ደንብ ለእሱ አይሠራም። ከዚያ ሰደፉ በትከሻ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ጉንጭም እንጨቱ ላይ ይለጠፋል። በትከሻውና በሰደፉ መካከል ክፍተት የተወ ሰው በማግስቱ ጠቁሮ ይነሣል። አነስተኛ ግፊት ያለው 21 ግራም ጥይት ለጀማሪ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ልምድ ያላቸው ብዙ ጊዜ 28 ግራም ይተኩሳሉ።

ተኳሹ ሲዘጋጅ «ፑል!» ብሎ ይጮኻል፤ ማሽኑም ዒላማውን ይወነጭፋል። ቃሉ «ሳብ!» ማለት ነው፤ ርግቡ በነበረበት ዘመን የሳጥኑ ገመድ ይሳብ ስለነበር። የመጀመሪያው ዒላማ ከተኳሹ በቀጥታ እየራቀ በዝግታ የሚሄድ ይሁን፤ ቀድሞ መተኮስ የማይጠይቅ ስለሆነ ብዙዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ይመቱታል። በጎን የሚያልፈው፣ ሽቅብ የሚወጣውና ጥንቸል የሚሉት በመሬት ላይ እየዘለለ የሚንከባለለው ከዚያ በኋላ ይምጣ። አስቸጋሪውን አስቀድሞ ሙሽራውን ለማሳፈር የሚሞክሩ ሚዜዎች አሉ፤ ቀኑን የሚያበላሽ ሐሳብ ነው። ውድድር ከተፈለገ በመጨረሻ፣ ሁሉም ዒላማ ሰብሮ ካየ በኋላ፣ በቡድን ተከፍሎ ቢሆን ይሻላል። ሲጨረስ ከምግብ በፊት እጅ ይታጠባል፤ ጥይቱ እርሳስ ነውና።

የስንብት ቀን እንዲያዘጋጁ ከተጠየቁ፣ ለሜዳው ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለጀማሪዎች የፖሊስ ፈቃድ መኖሩን፣ በእያንዳንዱ መተኮሻ ቦታ ላይ አሠልጣኝ ሳይለይ መቆሙን፣ የኃላፊነት መድን መኖሩን። ከሦስቱ አንዱን እንኳ በግልጽ ወደማይመልስ ሜዳ ጓደኞችዎን አይውሰዱ።