ፊጎ ነጥብ (የእንግዴ ልጅ ዕጢ)

ፊጎ ነጥብ የእንግዴ ልጅ ዕጢ የያዛት ሴት በአንድ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ትድን እንደሆነ፣ ወይም ብዙ መድኃኒቶች በአንድነት ያስፈልጓት እንደሆነ አስቀድሞ ለመገመት የሚያገለግል ዘዴ ነው። ፊጎ የዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን ምህጻረ ቃል ነው።

በሽታው

ዕጢው እንግዴ ልጅን ከሚሠሩ ሕዋሳት የሚነሣ፣ እምብዛም የማያጋጥም ካንሰር ነው። ብዙውን ጊዜ ከሞላር እርግዝና በኋላ፣ አንዳንዴም ከውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ ይከሰታል። በእርግዝና ምርመራ የሚታየውን ኤችሲጂ ሆርሞን ስለሚያመነጭ፣ የሕክምናው ውጤት በደም ምርመራ ይታወቃል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ሚን ቺዩ ሊ እና ሮይ ኸርትዝ በሜቶትሬክሴት ይህን ካንሰር ማዳን እንደሚቻል አሳወቁ። በ1976 እንግሊዛዊው ኬኔት ባግሾው የነጥብ ሥርዓት አወጣ፤ ፊጎ የአሁኑን በ2000 አጸደቀ።

አሰጣጥ

ስምንት ነገሮች ይቆጠራሉ፦ ዕድሜ፣ የቀደመው እርግዝና ዓይነት፣ ከእርሱ ወዲህ ያለፉት ወራት፣ የኤችሲጂ መጠን፣ የትልቁ ዕጢ መጠን፣ የተሠራጨበት ቦታ፣ የሥርጭቱ ብዛት እና ቀድሞ ያልሠራ ኬሞቴራፒ። እያንዳንዱ 0፣ 1፣ 2 ወይም 4 ያገኛል። ድምሩ እስከ 6 ከሆነ ሜቶትሬክሴት ወይም አክቲኖማይሲን ዲ ብቻውን ይሰጣል፤ 7 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ መድኃኒት ይቀላቀላል።

ገደቡ

ነጥባቸው 5 ወይም 6 የሆነ ብዙ ሴቶች ለአንዱ መድኃኒት አይበገሩም። ኤችሲጂ መውረዱን ሲያቆም ወይም ሲጨምር መድኃኒቱ ይቀየራል፤ እንዲህም ሆኖ ዝቅተኛ ነጥብ ያላቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ይድናሉ፤ ብዙዎቹም በኋላ ይወልዳሉ። ትንበያው የሚጠቅመው ጥቂት መድኃኒት የሚበቃትን ሴት ከከባድ ጉዳት ለማዳን፣ የማይበቃትን ደግሞ ጊዜ እንዳታባክን ለማድረግ ነው።