ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?

ጄን ቶድ ክራውፎርድ ሆዷ ሲገፋ መንታ ያረገዘች መስሏት ነበር። ቀኗ አልፎ ሳትወልድ ስትቀር ኤፍሬም ማክዳወል የተባለ የኬንታኪ ሐኪም ተጠራ። ቢመረምራት ማህፀኗ ባዶ ነው፤ ሆዷን የሞላው ከእንቁላል ማምረቻዋ የበቀለ ዕጢ ነበር። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ዕጢ ሆድ ተከፍቶ ወጥቶ ሰው መዳኑን ሰምቶ እንደማያውቅ አልደበቃትም። እሷም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፈረስ ተጉዛ የሐኪሙ ከተማ ዳንቪል ገባች። እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንጆች የገና ዕለት፣ ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን፣ ዳዊት እየደገመች 25 ደቂቃ ቢላዋ ሥር ቆየች። የወጣላት ዕጢ 10 ኪሎ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን አልጋዋን ራሷ ስታነጥፍ ተገኘች፤ ከዚያም ከ30 ዓመት በላይ ኖረች።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ብዙዎች የሐኪሙን ድፍረት ያወድሳሉ። እኔ የእሷን አስበልጣለሁ። ማክዳወል በ1817 ባሳተመው ዘገባ ከእርሷ ቀጥለው የሰፈሩት ሁለት ጥቁር ሴቶች ደግሞ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም።

በ1846 ኤተር፣ በ1867 የሊስተር ፀረ ጀርም ዘዴ መጡና ቢላዋው ተደፋፈረ፤ ለንደን ውስጥ ስፔንሰር ዌልስ ብቻውን እስከ 1880 ድረስ ሺህ ያህል እንዲህ ያሉ ዕጢዎችን አወጣ። ዓይን ግን እጅን አልተከተለም። ሐኪሙ ሆድን በጣቱ እየመታ ከማዳመጥ በቀር ከረጢቱ ምን እንደያዘ ሳይከፍት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ዓይን የተገኘው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። በ1955 የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችን በመኪናው ጭኖ ሬንፍሩ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው የብረት ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈልግ መሣሪያ ነበረው። ዶናልድ ከረጢቶቹን ለማነጻጸሪያ ከቀረበ የበሬ ሥጋ ጋር አስተያየ፦ ሥጋው ድምፁን ይመልሳል፣ ፈሳሹ ዝም ይላል። ብዙም ሳይቆይ የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት የተባለች አንዲት ሴት ወደ እርሱ መጣች። መሣሪያው ግን ትልቅ ፈሳሽ ያዘለ ከረጢት አሳየ፤ ወጣላትና ዳነች። ዶናልድና ባልደረቦቹ በ1958 በላንሴት መጽሔት ሥራቸውን አሳተሙ። ዛሬ አልትራሳውንድ ሲባል ጽንስ ብቻ ትዝ የሚለን ብዙዎች ነን፤ ያ ጽሑፍ ግን በርዕሱ የሆድ ዕጢዎች ምርመራ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረው ቆሽት ነው። ቆሽቴ አረረ ስንል የምናነሳው ይህ አካል ከጨጓራ ጀርባ ተደብቆ ስለሚኖር፣ ከረጢት ቢያበቅልም ለእጅ አይገኝም። በ1959 ቨርጂኒያ ፍራንትዝ፣ በኒውዮርክ የቀዶ ሕክምናም የፓቶሎጂም ሐኪም፣ በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን የሚይዝ አንድ ብርቅ የቆሽት ዕጢ ለይታ ጻፈች፤ ከፊሉ ጠጣር፣ ከፊሉ ፈሳሽ ነው። በጊዜው ከወጣ አብዛኛዎቹ ታማሚዎች ይድናሉ። በ1978 ደግሞ ኮምፓኞና ኦርቴል የተባሉ ሐኪሞች ዋሽንግተን ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ እንደ አንድ ይቆጠሩ የነበሩት የቆሽት ከረጢቶች ሁለት ሆነው ተገኙ፦ ቀጭን ውኃ የያዘው ከሞላ ጎደል አይከፋም፤ ዝልግልግ ንፍጥ የሚያመነጨው ግን ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ለእኔ ከቢላዋው ሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ምክንያቱም ከረጢቱ የቆሽት ራስ ላይ ከሆነ የሚደረገው ዊፕል የተባለ ሐኪም በ1935 ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከቆሽት ራስ ጋር የትንሹን አንጀት መጀመሪያና የሐሞት ከረጢትን ይወስዳል። ጉዳት ለሌለው ውኃ ያን ያህል መክፈል የለበትም ማንም።

በ1982 ጃፓናዊው ኦሃሺና ባልደረቦቹ ከቆሽት ቦይ የሚመነጨውን ንፍጣም ዕጢ ገለጹ፤ የቦይው አፍ ንፍጥ ይዞ ተከፍቶ ይታይ ነበር። በኋላ በአፍ የሚገባ ቀጭን አልትራሳውንድ መጣ፤ በመርፌ ከከረጢቱ ጥቂት ፈሳሽ ቀድቶ ሲኢኤ የተባለውን ፕሮቲን ያስለካል። በ2004 የአሜሪካ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት በአንድ ሚሊ ሊትር 192 ናኖ ግራም ንፍጣሙን ከሌላው መለያ ሆኖ ቀረበ፤ ከአምስት አንዱን ያህል ግን ያሳስታል። ስለዚህ መጠኑ፣ ግድግዳው፣ የታማሚዋ ዕድሜ አብረው ይመዘናሉ፤ ጥርጣሬ ካልጠነከረም በየጊዜው ምስል እያነሱ መከታተል ይመረጣል።

ንፍጡ ከከረጢቱ አምልጦ ሆድን የሚሞላበት ሕመም ሌላ ነው፤ ቬርት የተባለ ሐኪም በ1884 ስም ሰጠው። ለረጅም ጊዜ የእንቁላል ማምረቻ ሲከሰስ ኖሮ፣ በአብዛኛው ምንጩ ትርፍ አንጀት መሆኑ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ንፍጡ ከነሆድ ሽፋኑ ተጠርጎ፣ ከ41 እስከ 43 ዲግሪ የሞቀ የካንሰር መድኃኒት ሆድ ውስጥ ይዘዋወራል።

በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን ሐኪም ጉበት ላይ ከረጢት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ዕጢ አይደለም። ከውሻ የሚተላለፍ ትል እዚያ ውኃ ያዘለ ከረጢት ይሠራል። በዘፈቀደ ሲወጋ ፈሳሹ ቢፈስ አደገኛ አለርጂ ሊያስነሳ፣ ትሉንም በሆድ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዘመን መርፌ ክልክል ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የቱኒዚያ ሐኪሞች በአልትራሳውንድ እየመሩ መቅዳትን፣ ትሉን የሚገድል ፈሳሽ ማስገባትን፣ መልሶም መቅዳትን አስተማሩ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ታማሚዋ ትጠየቃለች፦ ከብት ታረቢያለሽ? ውሻ ከቤትሽ ያድራል?