“ከሴፍቲኔት ተመርቃችኋል” ሲባል ምን ማለት ነው?

“የእናቴ ስም ከሴፍቲኔት ተሰረዘ፤ ምን እናድርግ?” የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰናል። መልሱ የሚወሰነው በተሰረዘችበት ምክንያት ነው። አሰራሩን ባጭሩ እንየው።

ፕሮግራሙ በገጠር በ1997 ዓ.ም፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ተጠቃሚዎቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፦

▪ መስራት የሚችሉ፦ እርከን ሰርተው፣ ችግኝ ተክለው፣ መንገድ ጠርገው የሚከፈላቸው።

▪ ቀጥታ ድጋፍ፦ በእርጅና፣ በአካል ጉዳት ወይም በጽኑ ህመም መስራት የማይችሉና ጧሪ የሌላቸው። ሳይሰሩ ይሰጣቸዋል።

መቼ ይቀየራል?

በገጠር ነፍሰ ጡር የሆነች ተጠቃሚ ከስራው ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወራለች። ከወለደች በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አካፋ አትይዝም። ይሄ ዝውውር እንጂ ስረዛ አይደለም።

መቼ ያበቃል?

በገጠር መለኪያው አቅም ነው። ቤተሰቡ ያለ ድጋፉ 12 ወር ሙሉ ራሱን መመገብ ከቻለ፣ መለስተኛ ችግር ቢመጣም ከተቋቋመ፣ “ተመረቀ” ይባላል።

በከተማ ግን የሚቆጠረው ጊዜ ነው። ስራው የተቀረጸው ለ3 ዓመት ነው። በመሀል ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጠባል፣ ስልጠናና የስራ መነሻ ገንዘብም አለ። 3 ዓመቱ ሲሞላ ግን ኑሮው ባይሻሻልም ተራው ያልቃል። ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

ቀጥታ ድጋፍ ላይ ያለ ሰው በዚህ መንገድ እንዲመረቅ አይጠበቅም። ከእርጅና ምርቃት የለም። እናታችሁ እዚህ ውስጥ ሆነው “ተመርቀዋል” ከተባሉ፣ መጠየቅ አለባችሁ።

ምን እናድርግ?

1. ምክንያቱን ለይታችሁ ጠይቁ። ምርቃት ነው? ጊዜው አልቆ ነው? የዓመቱ ክለሳ ነው? ወይስ የስም ስህተት?

2. የተጠቃሚ ካርዱንና የባንክ ደብተሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የተቆጠበው ገንዘብ የእሳቸው ነው።

3. ቅሬታውን በጽሁፍ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አስገቡ። ይሄ ኮሚቴ ተጠቃሚ ከሚመርጠው ኮሚቴ የተለየ ነው። ቀን ይጻፍበት፣ ግልባጩንም ያዙ። መልስ ከጠፋ ወደ በላይ አካል ውሰዱት።

ወላጆቻችን ቅሬታ ማቅረብ መንግስትን መክሰስ ይመስላቸውና ዝም ይላሉ። ክስ አይደለም። ቅሬታ መስማት ራሱ የፕሮግራሙ አካል ነው። ማመልከቻውን አብራችሁ ጻፉላቸው።