የፓሳዴናው ቮልስዋገን

ቮልስዋገን ማይክሮባስ፣ የ1958 ሞዴል። በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተቀየረ፤ ካሊፎርኒያ፣ አሜሪካ። ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ የሎስ አንጀለስን ሰማይ የመኪና ጭስ አፍኖት ነበር። ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ የካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋሊ ሪፕል የዚህን አሮጌ መኪና የቤንዚን ሞተር አውርዶ የኤሌክትሪክ ሞተርና የእርሳስ ባትሪዎች ገጠመለት። መኪናው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። የባትሪዎቹ ክብደት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተሳፋሪውንም ቦታ ይሻማሉ።

ሪፕል በአገሪቱ ሌላኛው ዳርቻ ያሉትን የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውድድር ጋበዘ። ኦገስት 26 ቀን 1968 ሁለቱ ቡድኖች በየፊናቸው ተነሡ፤ የካልቴኩ ከፓሳዴና ወደ ካምብሪጅ፣ የኤም.አይ.ቲ.ው ከካምብሪጅ ወደ ፓሳዴና። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጠው መንገድ ላይ በግምት በየ100 ኪሎ ሜትሩ ባትሪ መሙያ ተዘጋጅቶ ነበር። የኤም.አይ.ቲ.ው መኪና፣ ኮርቬር፣ የያዘው በጣም ውድ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር። ሲሞላ ክፉኛ ስለሚግል ተማሪዎቹ በረዶ እየጨመሩ ያበርዱት ነበር።

ኮርቬሩ ቀድሞ ደረሰ፤ የመጨረሻውን መንገድ ግን ተጎትቶ ነው። ለመጎተቱ የተጣለበት የሰዓት ቅጣት ሲደመርበት ቮልስዋገኑ በግማሽ ሰዓት ገደማ አሸነፈ። ከግማሽ ሰዓቱ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው፣ ተማሪዎች በእጃቸው የቀየሩት አሮጌ መኪና አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጡ ነው።

ሪፕል በኋላ የጄነራል ሞተርስ ኢቪ1 የኤሌክትሪክ መኪና መነሻ በሆነው ኢምፓክት ላይ ሠርቷል።