ሐዲድ አለኝ በሰማይ

ፈረንጆች የባቡር ፍቅር አለባቸው። ፍቅሩ ደግሞ ከልጅነት ጋር አያበቃም። ጡረታ የወጣ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ማታ ምድር ቤቱ ይወርድና ጠረጴዛ ላይ በዘረጋው ሐዲድ ስንዝር የማትሞላ ባቡር ሲያሽከረክር ያመሻል። ተራራው ካርቶን ነው፣ ዛፉ ስፖንጅ፣ ጣቢያው የክብሪት ሣጥን የምታህል ቤት። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ መንትያ ወንድማማቾች በ2001 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አሮጌ መጋዘን ውስጥ ሠርተው የከፈቱት የባቡር ዓለም አለ። ሁሉም ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ይገባል።

እነዚህ የባቡር ፍቅረኞች ሲገናኙ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ፤ «ጊዜም ገንዘብም ባይገድብህ ምን ዓይነት ባቡር ትሠራ ነበር?» ይባባላሉ። ከዚያማ ማን ይመልሳቸው! አንዱ አልፕስን ይበሳል፣ ሌላው ውቅያኖስ ያሻግራል። ለምኞት ማን ግብር ይጠይቃል?

እኔ ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የእኛው ታሪክ ነው። እኛ ጥያቄውን በጨዋታ ሳይሆን በማኅተም መልሰነዋል።

ማርች 1894 ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። ፈቃዱ ለ99 ዓመት ነው። መሥመሩ ሦስት ክፍል አለው፤ አንደኛው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። እስቲ ልብ በሉልኝ! ባቡሩ ከቀይ ባሕር አፍ ተነሥቶ፣ የአፋርና የኢሳን በረሃ አቋርጦ፣ የሐረርን ተራራ ወጥቶ፣ እንጦጦን ተንተርሶ፣ በከፋ የቡና ጫካ ውስጥ እያፏጨ ወርዶ ነጭ ዓባይ ዳር ውሃ ሊጠጣ ነው። ከዚህ የበለጠ ምኞት የሐምቡርግ ወንድማማቾችም አልተመኙ።

ምኞቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ንጉሡ ቡናውንና ቆዳውን ወደ ባሕር የሚያወርድ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ወደ መሐል አገር የሚያወጣ መንገድ መፈለጋቸው አስተዋይነት ነበር። ችግሩ ከረጢቱ ነው። ከረጢቱ የእኛ አልነበረም።

ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ፀሐዩ፣ ድንጋዩ፣ የውሃው እጦት እንዳለ ሆኖ፣ መሬታቸውና የግመል ሲራራ ንግዳቸው የተነካባቸው ኢሳዎች በየጊዜው ሥራው ላይ አደጋ ይጥሉ ነበር። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በዲሴምበር 1902 የሐረር ተራራ ግርጌ ሲደርስ የኩባንያው ኪስ ነጥፏል። ሐረር ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባቡሩ የቆመበት ሜዳ 1,200 ሜትር ቢሆን ነው። ያን ዳገት ለማውጣት ገንዘብ የለም። ስለዚህ ሐረር ተዘለለች። ሜዳው ላይ ጣቢያ ተሠራ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» አሉት፣ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። የዘመናት የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ገበያዋን ከግርጌዋ ለበቀለችው ልጅ አስረከበች።

እንግዲህ አስቡት፤ ገንዘቡ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ላትኖር ትችል ነበር። ያቺ ከዚራና መጋላ ያላት፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አረቡ፣ ግሪኩ ተቀላቅሎ የኖረባት ከተማ የማጣት ልጅ ናት። ማጣትም አንዳንዴ ይወልዳል።

የሰው ከረጢት ግን ያለ ገመድ አይመጣም። በዚያው በ1902 መጀመሪያ ላይ የፈረንሳይ መንግሥት ለተቸገረው ኩባንያ እርዳታ ሰጥቶ ቁጥጥሩን በእጁ የሚያስገባበት ውል ተዋዋለ። ምኒልክ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ለኢልግ የሰጡት ፈቃድ የባዕድ መንግሥት መግቢያ በር ሊሆን መሆኑ ገብቷቸዋል። ሥራው ከድሬዳዋ ወዲህ ለዓመታት ተገተረ።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ በእኛ ካርታ ላይ የሚመኘው በዛ። በሜይ 1902 እንግሊዞች ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ምድር ላይ ለማሳለፍ በውል መብት አገኙ። በዲሴምበር 1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተቀምጠው ሐዲዱን ተከፋፈሉት፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ለእንግሊዝ፣ ኤርትራን ከሶማሊያ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኩል ዞሮ የሚያገናኘው ለኢጣሊያ። ባለቤቱ አልተጠየቀም። ምኒልክ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ የንግሥናዬን መብት ግን አይነካም የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጡ። ጨዋ መልስ ናት፤ ጥርስ ግን አላት።

ከእነዚያ የእንግሊዝና የኢጣሊያ መሥመሮች አንድም ክንድ አልተዘረጋም። ከፋም ነጭ ዓባይም ባቡሩን ሳያዩ ቀሩ። በብዙው ገጠራችን እኮ «ባቡር» ሲባል ለረጅም ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው እህል የሚፈጨው ወፍጮ ነበር። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና በ1908 ሌላ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ ያረፉት በ1913። 784 ኪሎ ሜትሩን ያለሙት ሰው ፉጨቱን በከተማቸው አልሰሙም።

አሁን ወደ መጫወቻው ባቡር ልመለስ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ነውና። በ1854 አሜሪካዊው ኮሞዶር ፔሪ ጃፓን ወደብ ላይ ካራገፋቸው ስጦታዎች አንዱ ከእውነተኛው በአራት እጅ ያነሰ የእንፋሎት ባቡር ነበር። ሐዲዱን ክብ አድርገው ዘረጉለት። ፉርጎዋ ሕፃን እንኳ በቅጡ አትይዝም። አንድ ጃፓናዊ ሹም ግን ካልተሳፈርኩ ብሎ ጣሪያዋ ላይ ተቀመጠና ካባው እየተርገበገበ ዞረ። ሰው ሊስቅበት ይችላል። ነገር ግን በሳጋ ግዛት ያሉ ጃፓናውያን ባለሙያዎች በ1855 የራሳቸውን ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ሠርተው ነበር። የመጀመሪያው እውነተኛ መሥመራቸው በ1872 ሲከፈት ከቶኪዮ እስከ ዮኮሐማ 29 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። እነሱም የተበደሩት ከለንደን ነው፤ መሐንዲሶቹም እንግሊዞች ነበሩ። ባቡሩ ግን የመንግሥታቸው ነበር። በ1893 የመጀመሪያውን ሎኮሞቲቭ በእንግሊዝ መሐንዲስ መሪነት በአገራቸው ሠሩ። ይህ እንግዲህ ኢልግ ፈቃዱን ከማግኘቱ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ጃፓን እንዳትሆን የከለከለን ምንድነው ብዬ የቆየውን ሙሾ ላወርድ አልፈልግም። ልዩነቱ ብዙ ነው። አንዷን ግን መዝለል አልችልም። እነሱ ከረጅም ምኞት ይልቅ አጭሯን ባቡር ፈትተው አዩ።

እኛስ የፈታ አጥተናል? አላጣንም! ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት መለዋወጫ እየቀጠቀጡ፣ ያረጀ ሞተር ከሌላ ያረጀ ሞተር እያዋሐዱ ያንን ባቡር በሕይወት ያቆዩ ሠራተኞች ነበሩ። አባት ልጁን አስተምሯል። የዚያ የምኒልክ ውል እውነተኛ ትርፍ እነዚያ ግራሳም እጆች ናቸው እላለሁ። ግን መቼ ነው ስማቸው በምረቃ ቀን ሲነሣ የሰማነው?

ዘመናችንም መመኘቱን አልተወም። በ2010 የወጣው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ሊዘረጋ ነበር። በቻይና ብድር የተሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ትልቅ ነገር ነው። የቻይና ድርጅቶች ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ያስረከቡት ግን በ2024 ነው። ከአዋሽ ወደ ወልድያ ሲሠራ የነበረው ሐዲድ ደግሞ በታሰበለት ጊዜ ሳያልቅ ጦርነት ደረሰበት። «ላም አለኝ በሰማይ» ያለው ሰው ላም አልጠላም፤ የጎደለው ገመድና በረት ነበር።

እና እኔ ብጠየቅ? ጊዜም ገንዘብም ባይገድበኝ? እንጦጦን አልበሳም። ለገሃር ጣቢያ ውስጥ፣ ያ በ1929 የተመረቀው ሕንፃ ጥግ፣ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አስቀምጣለሁ። በላዩ ላይ አገሪቱን ከነተራራዋ እሠራለሁ። የተዘረጋውን ሐዲድ በብረት፣ በወረቀት የቀረውን፣ የኢልግን ነጭ ዓባይ፣ የእንግሊዙን፣ የኢጣሊያውን፣ በቀይ ክር። ከዚያ ከድሬዳዋ አንድ ጡረተኛ መካኒክ አስመጣለሁ። ትንሿን ባቡር ልጆቹ ፊት ብሎን በብሎን ይፍታት፤ ከዚያ «በሉ ግጠሟት» ይበላቸው።

ለነገሩ ይህ ያልተገደበ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ጣውላ፣ አንድ ጥቅል ቀይ ክር ነው።