ጥለትና ቀረጥ

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር የቤተ መንግሥት ከተማ ብቻ አልነበረችም፤ የምጽዋና የመተማ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝባት ታላቅ ገበያም ነበረች። ሐሩ፣ ከፋዩና ቀዩ የህንድ ጨርቅ በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ በየኬላው ይቀረጣል። ኬላ ጠባቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው ጭነቱን ነው፤ የልብሱን ዓይነት አይመረምርም።

ከፋዩ የመኳንንቱ ካባ ይሆናል። የቀዩ ጨርቅ ዕጣ ግን ሌላ ነው። ሸማኔው ክር በክር ይተረትረውና በሸማው ጠርዝ ላይ ጥለት አድርጎ መልሶ ይሸምነዋል። የባዕድ ጨርቅ ገብቶ የሀገር ልብስ ይወጣል። ይህን ለውጥ ያመጣው እደ ጥበበኛ፣ እስላም ሆነ ቤተ እስራኤል፣ በዘመኑ ሥርዓት ርስት የተነፈገና የተናቀ ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ስሌቱን በዋጋ ላይ መሠረተው። የፈረንሳይ ሸቀጥ ከመቶ 10፣ ወይንና ቢራውም ከመቶ 8 በላይ እንዳይቀረጥ ተወሰነ። ያለቀለትን ልብስ ከክሩ ለይቶ፣ ቀረጡን ከፍ አድርጎ የሸማኔውን ገበያ የመጠበቅ ሥልጣን በዚህ ታሰረ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ እንደሚደኸይ ያስረዱት ይህን መሳዩን ንግድ እያዩ ነው።

ዛሬ በዓለም አቀፉ የቀረጥ ሠንጠረዥ ለመድረክ የተሰፋ የጨርቅ ካባ ከዘወትር ልብስ ጋር በምዕራፍ 61 ወይም 62 ይገባል፤ የጥጥ ክር በምዕራፍ 52 ነው። የጎንደር ሸማኔ ይተረትረው የነበረው ጨርቅና ክሩ አሁን ተለይተው ይቀረጣሉ።