የቻይኮቭስኪ ደብዳቤዎችና የታሪክ ጸሐፊዎች መቀስ

የአንድን የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት የሚጽፍ ሰው ከኖታው ቀጥሎ የሚመረምረው ደብዳቤውን ነው። ደብዳቤ ግን ለአንባቢ ከመድረሱ በፊት በወራሽ፣ በአዘጋጅና በሳንሱር እጅ ያልፋል። የሩሲያዊው የፒዮትር ኢሊች ቻይኮቭስኪ (1840–1893) የሕይወት ታሪክ የተጻፈበት ሂደት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። (ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቻይኮቭስኪ ፍቅሩ ወደ ተመሳሳይ ፆታ ያዘነበለ ሰው ነበር። ይህም የታወቀው ከሐሜት ሳይሆን ከራሱ ደብዳቤዎች ነው። በ1876 ተመሳሳይ ዝንባሌ ለነበረው ለታናሽ ወንድሙ ለሞዴስት ሲጽፍ፣ ዝንባሌያቸው ለሁለቱም የደስታ እንቅፋት መሆኑን ገልጾ ለማግባት መቁረጡን አስታወቀ። የዛሩ ሕግ ድርጊቱን በወንጀል ይቀጣ ነበር፤ በደብዳቤው ላይ ጎልቶ የሚታየው ጭንቀት ግን ሐሜቱ በዘመዶቹ ላይ የሚያደርሰው ሐዘን ነው።

በጁላይ 1877 አንቶኒና ሚልዩኮቫን አገባ። ሦስት ወር ሳይሞላ ተለያዩ፤ በሕግ ግን አልተፋቱም። አራተኛው ሲምፎኒና «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» የተባለው ኦፔራ ከጋብቻው በፊት ተጀምረው ከመለያየቱ በኋላ የተፈጸሙ ናቸው። በ1878 ለሌላው ወንድሙ ለአናቶሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከተፈጥሮው ውጭ ሌላ ሰው ለመሆን መመኘት ከንቱ መሆኑን መረዳቱን ገለጸ።

ሞዴስት ከ1900 እስከ 1902 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የሕይወት ታሪክ ብዙ ደብዳቤዎችን ለሕዝብ አቀረበ፤ ምሥጢሩን ግን ቆርጦ አስቀረ። ወንድሙንም ራሱንም መጠበቁ ነበር። ሆኖም ምክንያቱ ሲቆረጥ ጥፋቱ በሚስቲቱ ላይ ወደቀ። ብዙ ጸሐፊዎች አንቶኒናን አላዋቂና የአእምሮ ሕመምተኛ አድርገው ሣሏት። እርሷ የመጨረሻ ዘመኗን እስከ ሞተችበት እስከ 1917 በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ማሳለፏ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣው ሕመሟ ወደ ኋላ ተጎትቶ ለ1877ቱ መለያየት ማስረጃ ተደረገ። የአንዱን ክብር ለመጠበቅ ሲባል የሌላዋ ክብር ተሠዋ።

የሶቪየት ዘመን ሊቃውንት ሥራ ታላቅም ጎዶሎም ነበር። ከረዳቱ ከናዴዥዳ ፎን ሜክ ጋር የተለዋወጣቸው ደብዳቤዎች ከ1934 እስከ 1936 በሦስት ቅጽ ታተሙ። በዚያው በ1934 ግን በወንዶች መካከል የሚደረግ የፆታ ግንኙነት ወንጀል ሆኖ ተደነገገ፤ ድንጋጌው በሩሲያ የተሻረው በ1993 ነው። ለዘመዶቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች የመጀመሪያ ቅጽ በ1940 ሲወጣ ግልጽ የሆኑ ቦታዎች ስለ ነበሩበት ከስርጭት ተሰበሰበ። ከ1959 እስከ 1981 የታተመው ታላቁ የደብዳቤዎች ስብስብ ከ5,000 በላይ ደብዳቤዎችን ቢይዝም፣ በብዙ ቦታ በቃላት ፈንታ ነጠብጣቦች ተተክተዋል።

ባዶ ቦታ ግን ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ተረት ይሞላዋል። ስድስተኛው ሲምፎኒ ኦክቶበር 28 ቀን 1893 በሴንት ፒተርስበርግ በደራሲው መሪነት ተሰማ፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደራሲው ሞተ። የሥራው መደምደሚያ ዝግተኛና ሐዘንተኛ በመሆኑ ብዙዎች እንደ ኑዛዜ ተረጎሙት። ከሶቪየት ኅብረት የተሰደደችው ተመራማሪ አሌክሳንድራ ኦርሎቫ በ1981 በአንድ የእንግሊዝ የሙዚቃ መጽሔት ላይ፣ የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ቅሌትን በመፍራት መርዝ እንዲጠጣ ፈረዱበት ስትል ጻፈች። አሌክሳንደር ፖዝናንስኪ በ1988 ይህን አባባል በሰነድ ተቃወመ። በከተማይቱ ኮሌራ ነበረ፤ ሐኪሞቹም የሕመሙን ሂደት መዝግበዋል። ሲምፎኒውንም ደራሲው በኦገስት ሲጨርስ ከሥራዎቹ ሁሉ እንደሚበልጥ በደስታ ጽፎ ነበር።

የተቆረጡት ቦታዎች ከ1990ዎቹ ወዲህ በሩሲያ መታተም ሲጀምሩ የታየው ሰው ከሁለቱም ተረቶች የተለየ ነው፤ እንከን የሌለበት ሐውልትም፣ በኀፍረት የተገደለ ሰለባም አይደለም። ያፈቅራል፣ ይፈራል፣ ይቀልዳል፣ በየማለዳውም ወደ ሥራው ይመለሳል። የአንድ አርቲስት ሙዚቃ የግል ሕይወቱ ግልባጭ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የሕይወቱን አንድ ክፍል ቀዶ ማውጣት ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። የጸሐፊዎቹ መቀስ ቻይኮቭስኪን ከሐሜት አላዳነውም፤ ሐሜቱን ያለ ማስረጃ እንዲኖር አደረገው እንጂ።